ከሰፈር የምትያዝ ሴት ብቻዋን እንዳትቀር፦ የሴት እስረኞችን ቁጥር ለመቀነስ ዕድርና ጎረቤት ሊያደርጉት የሚገባ

ከቱሉ ዲምቱ ወደ ቃሊቲ በታክሲ የሚወርድ ሰው፣ በተለይ እሑድ ጠዋትና በበዓል ዋዜማ፣ የምሳ ዕቃ በፌስታል ጠቅልለው ጉልበታቸው ላይ ያስቀመጡ እናቶችን ሳያይ አይቀርም። ለታሰረ ልጅ ወይም ለታሰረች እህት ስንቅ የሚያደርሱ ጠያቂዎች ናቸው። እነርሱ የሚሄዱላቸው እስረኞች ቢያንስ ጠያቂ አላቸው። ይህ ጽሑፍ ይበልጥ የሚመለከተው ጠያቂ የሌላቸውን፣ ከሰፈራችን ተይዘው ሲሄዱ ማንም ያልተከተላቸውን ሴቶች ነው።

በምኖርበት የኮንዶሚኒየም መንደር የሴቶች ዕድር ጸሐፊ ሆኜ ሳገለግል ፖሊስ ጣቢያና ፍርድ ቤት ብዙ ተመላልሻለሁ። በዚህ ምልልስ የተረዳሁት፣ የአንዲት ሴት መታሰርና አለመታሰር በአብዛኛው የሚወሰነው በተያዘች በመጀመሪያዎቹ ቀናት መሆኑን ነው። በእነዚያ ቀናት መታወቂያውን ይዞ የሚቆምላት ሰው ያገኘች ሴት ከቤቷ እየተመላለሰች ትከራከራለች፤ ያላገኘችው ደግሞ በዚያው ዓይነት ጉዳይ ለወራት ትታሰራለች። በዓለም ዙሪያ በእስር ላይ ያሉ ሴቶችና ልጃገረዶች ቁጥር እ.ኤ.አ. በ2022 ከ740,000 በላይ እንደነበር ተመዝግቧል፤ እ.ኤ.አ. ከ2000 ወዲህ የጨመረውም በ60 በመቶ ገደማ ሲሆን ከወንዶቹ ጭማሪ እጅግ የፈጠነ ነው። ይህን ቁጥር ለመቀነስ መንግሥትና ፍርድ ቤት የየራሳቸው ሥራ አለባቸው፤ እኔ የምጽፈው ግን ጎረቤት፣ ዕድርና ማኅበር ነገ ጠዋት ሊጀምሩት ስለሚችሉት ነው። የተበደለ ሰው ካሣና ፍትሕ ማግኘት እንዳለበትም አምናለሁ፤ ከዚህ በታች ከዘረዘርኩት ውስጥ ይህን የሚያስቀር አንድም ነገር የለም።

የሚታሰሩት እነማን ናቸው?

በእኛ አካባቢ ተይዘው ያየኋቸው ሴቶች ጉዳይ በአብዛኛው ከአራት ዓይነት አያልፍም። የመጀመሪያዎቹ አሠሪያቸው ወርቅ ወይም ገንዘብ ጠፋብኝ ብለው ያመለከቱባቸው የቤት ሠራተኞች ናቸው። ከእነርሱ ቀጥለው የሚመጡት በንግድ የሚተዳደሩ ሴቶች ናቸው፤ አንዳንዶቹ ስንቅ የሌለው፣ ማለትም በባንክ በቂ ገንዘብ የሌለው፣ ቼክ ሰጥታችኋል የተባሉ፣ ሌሎቹ የዕቁብ ሰብሳቢ ሆነው የአባላትን ገንዘብ መክፈል ያቃታቸው ናቸው። ሦስተኛው በውኃ ወረፋ ወይም በልጆች ጠብ ተነሥቶ ወደ ድብድብ የሚደርስ የጎረቤት ጸብ ነው። ቁጥራቸው ጥቂት፣ ጉዳያቸው ግን ከሁሉም የከበደው፣ ለዓመታት ሲደበድባቸው በኖረ ባል ላይ እጃቸውን ያነሡ ሴቶች ናቸው። ለእያንዳንዷ የሚደረገው እርዳታ ይለያይ እንጂ የመጀመሪያዎቹ ሁለት ቀናት ሥራ ለሁሉም አንድ ነው።

የመጀመሪያዎቹ 48 ሰዓታት

መያዟ እንደተሰማ በቅድሚያ መታወቅ ያለበት የተወሰደችበት ጣቢያ ነው። ይህ በከተማ ዳር ለምንኖር ሰዎች ከሚታሰበው በላይ ያስቸግራል። በ2015 ዓ.ም. የሸገር ከተማ ከተመሠረተ ወዲህ በአንዳንድ ሰፈሮች የመንገዱ አንድ ወገን በአዲስ አበባ ፖሊስ፣ ሌላው ወገን በኦሮሚያ ፖሊስ ሥር ስለሆነ፣ የተያዘችበት ቦታ በትክክል ካልታወቀ ቤተሰብ ሁለት ቀን ሙሉ የማይመለከተው ጣቢያ ደጅ ሲጠና ሊውል ይችላል። ጉዳዩ የሚታይበትን ፍርድ ቤትም የሚወስነው ይኸው ቦታ ነው። በአዲስ አበባ ከሆነ በአብዛኛው የፌዴራል መጀመሪያ ደረጃ ፍርድ ቤት፣ በሸገር በኩል ከሆነ የኦሮሚያ ክልል ፍርድ ቤት ያየዋል። ችሎቱ የሚሠራበትን ቋንቋ የማትችል ሴት፣ ቋንቋው አማርኛም ይሁን አፋን ኦሮሞ፣ በመንግሥት ወጪ አስተርጓሚ እንዲመደብላት የመጠየቅ ሕገ መንግሥታዊ መብት አላት፤ ይህን ገና በመጀመሪያው ቀን መናገር ይኖርባታል፤ እየገባኝ ነው ብላ ዝም ካለች በኋላ ማስተካከሉ አድካሚ ነው።

ወደ ጣቢያው ሁለት ሆኖ መሄድ ይሻላል፤ አንዷ በዕድሜ ጠና ያሉ፣ ሰው የሚያከብራቸው እናት፣ ሌላዋ ጽሕፈት የማይከብዳት ብትሆን ጥሩ ነው። መርማሪውን በማዕረጋቸው ጠርቶ በትሕትና ማነጋገር፣ የመዝገቡን ቁጥር፣ የተጠረጠረችበትን ወንጀልና የተያዘችበትን ቀንና ሰዓት ጠይቆ በደብተር ላይ ማስፈር ያስፈልጋል። ሰዓቱ የሚጻፈው ያለ ምክንያት አይደለም፤ በሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 19 መሠረት የተያዘ ሰው በ48 ሰዓት ውስጥ ፍርድ ቤት መቅረብ አለበት። ከዚህ ጊዜ የሚቀነሰው ወደ ፍርድ ቤት ለመጓዝ የሚያስፈልገው ብቻ ነው፤ ቅዳሜና እሑድ አይቀነሱም። ዓርብ ማታ የተያዘች ሴት «ሰኞ ትቀርባለች» ከተባለ በዕረፍት ቀን ስለሚሠራ ተረኛ ችሎት በትሕትና መጠየቅ ተገቢ ነው። ጊዜው አልፎ ሳትቀርብ ከቀረች ደግሞ አካልን ነፃ የማውጣት አቤቱታ፣ ማለትም ያለ አግባብ የተያዘ ሰው እንዲለቀቅ የሚጠይቅ ማመልከቻ፣ ለፍርድ ቤት ማቅረብ ይቻላል።

እኛ ይህን ሁሉ ባላወቅንበት ጊዜ የሆነውን መናገር አለብኝ። ከጥቂት ዓመታት በፊት ከእኛው ብሎክ አንዲት የቤት ሠራተኛ የአሠሪዋ ቀለበት ጠፋ ተብላ ተወሰደች። ወሬው ማክሰኞ ደረሰን፤ «እስኪጣራ እንታገሥ» ተባባልንና ዓርብ ሄድን። ልጅቷ ግድግዳ ተደግፋ አግዳሚ ወንበር ላይ ተቀምጣለች፤ ኮንጎ ጫማዋን አውልቃ ከጎኗ ደርድራዋለች፤ የቀኝ እጇ አውራ ጣት እስከ አንጓው ድረስ በማኅተም ቀለም ወይን ጠጅ ሆኗል። ምን ላይ እንደፈረመች ስጠይቃት «እኔ እንጃ እትዬ፤ ከፈረምሽ ትሄጃለሽ አሉኝ» አለችኝ። ማንበብ አትችልም ነበር። ፍርድ ቤት በ5,000 ብር ዋስ እንድትወጣ ፈቀደላት፤ ይህን ያህል ገንዘብ የሚያስይዝላት ሰው አልነበራትም፤ ያመጣት ደላላ ስልኩን ዘጋ፤ እኛም ገንዘብ ለማዋጣት ስንነጋገር ሳምንታት አለፉ። ሁለት ወር ከዐሥር ቀን ከታሰረች በኋላ ማስረጃ አልተገኘም ተብሎ መዝገቡ ተዘጋ። ያቺ ወይን ጠጅ ጣት ከዓይኔ አልጠፋችም፤ ማክሰኞ ዕለት ብንሄድ ኖሮ ቢያንስ የፈረመችው ወረቀት ይነበብላት ነበር።

ስለዚህ ታሳሪዋን ለማነጋገር ሲፈቀድ የመጀመሪያው ቃል ስለ ፊርማ ይሁን። ቃል ያለመስጠት መብት እንዳላት፣ ማንም በራሷ ላይ እንድትመሰክር ሊያስገድዳት እንደማይችል፣ ያልተነበበላትን ወረቀት እንዳትፈርምና በጣቷም እንዳትነካ፣ የሰጠችው ቃል ተነቦላት የተሳሳተ ነገር ካለበት እንዲታረም እንድትጠይቅ በቀላል አነጋገር ይነገራት። ዕድሜዋም ይጠየቅ። ሥራ ፍለጋ ከገጠር የሚመጡ ልጆች ብዙ ጊዜ በደላላ ምክር «18 ዓመቴ ነው» ይላሉ። በወንጀል ሕጋችን ከ9 ዓመት በታች ያለ ልጅ አይጠየቅም፤ ከ9 እስከ 15 ዓመት ያሉት ከአዋቂ ጋር አይታሰሩም፤ የቅጣታቸውም ዓይነት የተለየ ነው፤ ከ15 እስከ 18 ያሉትም ቢሆኑ ቅጣቱ ሊቀልላቸው ይችላል። ጥርጣሬ ካለ ፍርድ ቤቱ የሕክምና የዕድሜ ምርመራ እንዲያዝላት መጠየቅ ይገባል። ከትውልድ አካባቢዋ ቤተ ክርስቲያን ወይም ትምህርት ቤት በስልክ ተጠይቆ በፎቶ የሚመጣ ማስረጃ እንኳ ለጥያቄው መነሻ ይሆናል።

ነፍሰ ጡር ከሆነች የጤና ጣቢያ የክትትል ካርዷን፣ መድኃኒት የምትወስድ ከሆነ መድኃኒቷን ከሐኪም ወረቀቱ ጋር ማድረስ ያስፈልጋል። ከስንቁ ጋር ሳሙና፣ ነጠላና የወር አበባ መጠበቂያ አይረሳ። ልጆች ካሏት በዚያው ቀን ማን ቤት እንደሚያድሩ ተወስኖ ይነገራት፤ ልጆቿ የት እንዳሉ ያላወቀች እናት ቶሎ ለመውጣት ስትል ያላደረገችውንም አድርጌአለሁ ልትል ትችላለች።

ዋስትና፦ ከሁሉ የሚበልጠው ሥራ

በሕገ መንግሥቱ የተያዘ ሰው በዋስ የመፈታት መብት አለው፤ የሚከለከለው ሕግ በደነገጋቸው ሁኔታዎች ብቻ ነው። ለዐሥርተ ዓመታት ሲሠራበት የኖረው የ1954 ዓ.ም. የወንጀለኛ መቅጫ ሥነ ሥርዓት ሕግ ዋስትናን በመርሕ የሚያስቀረው ወንጀሉ 15 ዓመትና ከዚያ በላይ በሚደርስ ጽኑ እስራት ወይም በሞት የሚያስቀጣ ሲሆንና የተጎዳው ሰው ሊሞት የሚችል ሲሆን ነው። ከዚህ ውጭ ዳኛው ተጠርጣሪዋ በቀጠሮ አትቀርብም፣ ሌላ ወንጀል ትፈጽማለች፣ ወይም ምስክር ታባብላለች፣ ማስረጃም ታጠፋለች ብሎ ካመነ ሊከለክል ይችላል። በሰፈራችን የሚያጋጥሙት ስርቆት፣ ስድብና ቀላል ድብደባ በአብዛኛው ዋስትና የሚያስከለክሉ አይደሉም። ቀላል በሆኑት ፖሊስ ራሱ ከጣቢያ በዋስ የመልቀቅ ሥልጣን ስላለው፣ ፍርድ ቤት እስክትቀርብ ሳይጠበቅ ይህን ለመርማሪው በጨዋ ቋንቋ ማቅረብ ብዙ ጊዜ ውጤት ያስገኛል።

ሴቶቻችንን የሚያስቀራቸው እንግዲህ ከሕጉ ይልቅ የዋስ እጦት ነው። ዋስ የሚሆን ሰው የታደሰ መታወቂያና የደመወዙን መጠን የሚገልጽ የመሥሪያ ቤት ደብዳቤ ይጠየቃል፤ ንብረት የሚያስይዝ ከሆነ የቤት ካርታ ወይም የመኪና ሊብሬ ያቀርባል፤ አለዚያ ገንዘቡ በጥሬው ይያዛል። ከጓዳ ወደ ጓዳ ስትዘዋወር የኖረች ልጅ ከእነዚህ አንዱም የላትም፤ ብዙ ጊዜ የራሷ መታወቂያ እንኳ የለም፤ ካለም አሠሪዋ ሳጥን ውስጥ ነው። በትንሽ ጉልት የምትተዳደር እናትም ቢሆን ከእርሷ የማይሻል ጎረቤት እንጂ ደመወዝተኛ ዘመድ የላትም።

የዋስትናው መጠን ሲወሰን የተከሳሿ አቅም ከግምት እንዲገባ ሕጉ ራሱ ያዛል፤ ነገር ግን ዳኛው አቅሟን የሚያውቀው የሚነግረው ሲኖር ነው። ደመወዟ በወር ስንት እንደሆነ፣ ስንት ልጅ እንደምታሳድግ፣ ስንት ዓመት በሰፈሩ እንደኖረች የሚገልጽ ማኅተም ያለበት የዕድር ደብዳቤ ለችሎቱ ቢቀርብ መጠኑን ሊያወርደው ይችላል፤ በቀጠሮ አትቀርብም የሚለውን ሥጋትም ያቀልላል። ዋስትና ከተከለከለች ወይም የተጠየቀው ገንዘብ ከአቅሟ በላይ ከሆነ ይግባኝ ማለት ይቻላልና በዚያው ሳምንት ተከላካይ ጠበቃ ማነጋገር ያስፈልጋል።

ዕድራችን ከዚያች የቤት ሠራተኛ ጉዳይ በኋላ ያደረገው የሚከተለውን ነው። እያንዳንዷ አባል በወር ከምታዋጣው በተጨማሪ 10 ብር ለዋስትና መጠባበቂያ ትከፍላለች፤ ገንዘቡ ለቀብርና ለሐዘን ከሚውለው ተለይቶ በሦስት ሴቶች ጣምራ ፊርማ በሚንቀሳቀስ የባንክ ሒሳብ ይቀመጣል። የዋስትና ገንዘብ እንደ ቅጣት የሚጠፋ አይደለም፤ ተከሳሿ በየቀጠሮው እየቀረበች ጉዳዩ ሲያልቅ ይመለሳል። አንዷ የወጣችበት ብር ለሌላዋ ይተርፋል ማለት ነው። ለዚህም ገንዘቡ ሲያዝ የተሰጠው ደረሰኝ ዋናው ከዕድሩ ሰነድ ጋር መቀመጥ አለበት፤ ያለ እርሱ ማስመለሱ ከባድ ነው። ከሁሉ የበለጠ ያከራከረን የቤት ሠራተኞች ነገር ነበር። «የከሰሰቻት እኮ አባላችን ናት፤ የእርሷን መዋጮ አውጥተን የሰረቀቻትን ልናስፈታ ነው?» ያሉ ነበሩ፤ እኅቶቼ ናቸውና ቅሬታቸው ይገባኛል። በመጨረሻ የተስማማነው ዕድር የሚቆመው ለቤተሰቡ ሁሉ እንደሆነ፣ በዚያ ቤት የምታድር ሠራተኛ ብትሞት የምንቀብራት እኛው እንደሆንን፣ እንግዲህ በሕይወቷም ልንቆምላት እንደሚገባ ነው።

አንድ ጊዜ ገንዘቡ ቀርቶብናል። አንዲት ሴት ቀጠሮዋን ረስታ ቀረችና የተያዘው ብር ለመንግሥት ገቢ ሆነ፤ እርሷም እንደገና ተያዘች። ስታስረዳን ቀኑን በጽሑፍ የያዘው ወረቀት ከልጇ ደብተር ጋር እንደጠፋባት ነገረችን። ከዚያ ወዲህ በዋስ ለወጣች ሴት ሁሉ አንዲት አባል ትመደባለች፤ ሥራዋም ከቀጠሮው ዋዜማ ማታ ደውላ ማስታወስ፣ ጠዋት አብሯት ተሳፍሮ ፍርድ ቤት መድረስ፣ ችሎቱ የሰጠውን ቀጣይ ቀጠሮ ራሷ መጻፍ ነው። የታክሲው ወጪ ከመጠባበቂያው ይከፈላል።

ጠበቃ ስለማግኘት ሁለት ነገር ብቻ ልበል። በአቅም ማነስ ጠበቃ ያላቆመች ተከሳሽ ፍትሕ ሊጓደልባት የሚችል ሲሆን በመንግሥት ወጪ ጠበቃ የማግኘት መብት አላት፤ ይህም የሚፈጸመው በፍርድ ቤቱ ተከላካይ ጠበቆች በኩል ስለሆነ በመጀመሪያው ችሎት መጠየቅ ነው። ከዚህ በተጨማሪ የኢትዮጵያ ሴት ሕግ ባለሙያዎች ማኅበርና የዩኒቨርሲቲ የሕግ ትምህርት ቤቶች የነፃ ሕግ ድጋፍ ማዕከላት ለሴቶች ምክር ይሰጣሉ። የእነዚህን ስልክና አድራሻ ጉዳይ ሳይገጥም ጠይቆ በዕድሩ መዝገብ ማስፈር ሌሊት ላይ ከመፈለግ ያድናል።

ሽምግልና የሚያዋጣውና የማያዋጣው

የስድብና የቀላል ድብደባ ጉዳዮች በግል አቤቱታ ብቻ የሚያስከስሱ ናቸው፤ ተበዳይዋ ካላመለከተች ክስ የለም። የጎረቤት ጸብ እንደተነሣ በዚያው ምሽት ሽማግሌ ገብቶ ካሣውንና ይቅርታውን ካስጨረሰ ጣቢያ የሚያደርስ ነገር አይኖርም። እርቁ በጽሑፍ ይሁን፤ ቀኑ፣ የተከፈለው ካሣና የሁለቱም ወገን ፊርማ ይኑርበት። ስርቆትና እምነት ማጉደል ግን በተበዳይ ይቅርታ ብቻ አይዘጉም፤ ቢሆንም ጉዳቱን መካስና ከልብ መጸጸት በወንጀል ሕጉ አንቀጽ 82 ቅጣት ከሚያቀልሉ ምክንያቶች ውስጥ የሚቆጠር ስለሆነ የእርቁን ወረቀት ለዐቃቤ ሕግና ለችሎት ማቅረብ ይጠቅማል።

በዚህ ላይ ሽማግሎች እንዲጠነቀቁ የምለምነው አለ። ሰርቄአለሁ ያላለችን የቤት ሠራተኛ «ትንሽ ከፍለሽ ተገላገዪ» ማለት ማስታረቅ አይደለም። የከፈለችው ገንዘብ ነገ እንደ እምነት ቃል ይቆጠርባታል፤ ደመወዟም በዚያው ተይዞ ይቀራል።

ከቼክና ከዕቁብ የሚመጣውን እስራት አስቀድሞ ማገድ

በ1997 ዓ.ም. ሥራ ላይ የዋለው የወንጀል ሕግ በአንቀጽ 693 በቂ ገንዘብ ሳይኖር ቼክ ማውጣትን ወንጀል አድርጎታል። አበዳሪዎች ይህን ስለሚያውቁ ከንግድ ሴቶች ቀን ያልተጻፈበት ቼክ «ለመያዣ» ይቀበላሉ፤ ብድሩ ሲዘገይ ቀኑን ሞልተው ባንክ ይዘውት ይሄዳሉ፤ የፍትሐ ብሔር ዕዳ የነበረው በአንድ ጠዋት የወንጀል ጉዳይ ይሆናል። ለዚህ መድኃኒቱ አንድ ነው፤ ለመያዣ ቼክ አለመፈረም። ብድሩ በምስክሮች ፊት በተጻፈ ውል ይደረግ፤ ያኔ መክፈል ያቃታት ሴት የምትጠየቀው በገንዘቧ ነው። ኢትዮጵያ በ1985 ዓ.ም. የተቀበለችው የሲቪልና የፖለቲካ መብቶች ቃል ኪዳን በአንቀጽ 11 የውል ግዴታን መወጣት ባለመቻል ብቻ ሰው እንዳይታሰር ይከለክላል። ቼክ የተቀበለው አራጣ አበዳሪ ከሆነ አራጣ ራሱ በአንቀጽ 712 የሚያስቀጣ መሆኑን ለጠበቃ መንገር ያስፈልጋል።

የዕቁብ ሰብሳቢዎችን በተመለከተ ገንዘቡ በአንዲት ሴት ቦርሳ ውስጥ ማደር የለበትም። ዕጣው የወጣላት አባል በዚያው ሰዓት ፈርማ ትረከብ፤ ዋስ የሚያስፈልጋት ከሆነ ዋሷ አብራ ትፈርም፤ ያልከፈለ አባል ስም በየሳምንቱ በመዝገቡ ይጻፍ። ሰብሳቢዋ እምነት አጉድለሻል ተብላ ስትጠየቅ ገንዘቡ ማን ላይ እንደቀረ የሚያሳየው ይህ መዝገብ ነው።

የምትደበደብ ሴት

ባሏን ገድላ ወይም አቁስላ የምትታሰር ሴት ጉዳይ የሚጀምረው በዚያ ሌሊት አይደለም። ግድግዳው ስስ በሆነ የኮንዶሚኒየም ቤት የምንኖር ሰዎች ለዓመታት እንሰማለን፤ ቴሌቪዥኑን ድምፅ እንጨምርበታለን፤ «የባልና የሚስት ነገር ነው» እንላለን። ክሱ ሲመጣ ግን ታሪኩን የሚያውቁት ምስክሮች እኛ ብቻ ነን።

ከዚያ በፊት ሊደረግ የሚችለው ብዙ ነው። ጎረቤት የሰማበትን ቀን በደብተሩ ይጻፍ፤ የተጎዳችው ሴት ለመክሰስ ባትፈልግ እንኳ ሐኪም እንድትታይና የሕክምና ማስረጃዋ እንዲቀመጥ ትመከር። በአዲስ አበባ በጋንዲ መታሰቢያ ሆስፒታል ሕክምናን ከፖሊስና ከዐቃቤ ሕግ አገልግሎት ጋር በአንድ ቦታ የሚሰጥ ማዕከል አለ፤ የሴቶች ማረፊያና ልማት ማኅበርም ቤታቸውን ጥለው ለሚወጡ ሴቶችና ልጆቻቸው መጠለያ ይሰጣል። በእንዲህ ያለ ጉዳይ ሽማግሌ ልኮ ሴቲቱን ወደ ተደበደበችበት ቤት መመለስ አደገኛ ነው፤ ይህን የምለው ባይመልሷት ኖሮ ዛሬ ያልታሰረች ሴት ስለማውቅ ነው።

ነገሩ ከደረሰ ደግሞ ያለ ጠበቃ አንድ ቃል እንዳትሰጥ ማድረግ ይገባል። የወንጀል ሕጉ አንቀጽ 78 ሕጋዊ መከላከልን ከቅጣት ነፃ ያደርጋል፤ አንቀጽ 79 ደግሞ ከመከላከል መጠን ያለፈውን ቅጣት ያቀልላል፤ ከባድ ቁጣ በሚያስነሣ ድርጊት ተገፋፍቶ የተፈጸመ ግድያም ከተራው ግድያ ተለይቶ ይታያል። እነዚህ ሁሉ ግን የሚሠሩት የሕክምና ወረቀት ሲቀርብና ጎረቤት ፍርድ ቤት ቆሞ የሰማውን ሲናገር ነው። ለምስክርነት ተጠርቶ የሚቀር ጎረቤት ለአንዲት ሴት የዓመታት እስራት ሊጨምርባት እንደሚችል ማወቅ አለበት።

ጥፋተኛ ከተባለች በኋላ

ጥፋተኝነት ከተወሰነ በኋላ ዳኛው ቅጣቱን ከመወሰኑ በፊት የቅጣት አስተያየት ይጠይቃል። ብዙ ሴቶች በዚህ ጊዜ አልቅሰው «ልጆች አሉኝ» ብቻ ይላሉ፤ ማስረጃ ግን አይቀርብም። የልጆቿ የልደት ወረቀት፣ የትምህርት ቤት ደብዳቤ፣ የምትረዳቸው አረጋዊት እናት ካሉ የሕክምና ወረቀታቸው፣ ከዚህ በፊት ጥፋት እንደሌለባት የሚገልጽ ማስረጃና ካሣ የከፈለችበት ደረሰኝ በአንድ ላይ ተዘጋጅቶ ለጠበቃዋ መድረስ አለበት። በችግር ተገፋፍቶ ማጥፋትም በአንቀጽ 82 ቅጣት የሚያቀልል ነው።

ከእስር ሌላ ያሉትን ቅጣቶች ስም ጠርቶ መጠየቅ ያስፈልጋል። ከስድስት ወር በማይበልጥ ቀላል እስራት በሚያስቀጣ ትንሽ ጥፋት ፍርድ ቤቱ በእስራቱ ምትክ በአንቀጽ 103 የግዴታ ሥራ ሊወስን ይችላል፤ ቅጣቱን ከአንቀጽ 190 ጀምሮ በተደነገገው መሠረት በገደብ ማድረግም፣ ማለትም በተወሰነ ጊዜ ውስጥ ሌላ ጥፋት ካላጠፋች እንዳትታሰር መወሰንም፣ ይችላል፤ የገደቡ ጊዜ ከሁለት እስከ አምስት ዓመት ነው። ዳኛው ገደብ ሲሰጥ የሚከታተላት ሰው መኖሩን ማወቅ ይፈልጋልና ዕድሩ ይህን ኃላፊነት በደብዳቤ ቢወስድ ያግዛል። ኢትዮጵያ የተቀበለችው የአፍሪካ የሕፃናት መብቶችና ደኅንነት ቻርተር በአንቀጽ 30 ነፍሰ ጡር ወይም ትንንሽ ልጆች ያሏት እናት ስትቀጣ በቅድሚያ ከእስር ውጭ ያለ ቅጣት እንዲታሰብ ያዛል፤ በሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 9 መሠረት የጸደቀ ዓለም አቀፍ ስምምነት የሀገሪቱ ሕግ አካል ነው። እ.ኤ.አ. በ2010 የተባበሩት መንግሥታት ጠቅላላ ጉባኤ ያጸደቃቸው፣ ስለ ሴት እስረኞች አያያዝ የሚደነግጉት የባንኮክ ደንቦችም ይህንኑ ይላሉ። ጠበቃዋ እነዚህን እንዲያነሣ ማሳሰብ ድፍረት አይደለም።

ከታሰረችም በኋላ በር አልተዘጋም። ከቅጣቷ ሁለት ሦስተኛውን በመልካም ጠባይ የፈጸመች ሴት በአመክሮ ልትፈታ ትችላለች፤ በአዋጅ ቁጥር 840/2006 መሠረትም እርሷ ወይም ቤተሰቧ ይቅርታ መጠየቅ ይችላሉ። በመጋቢት 2012 ዓ.ም. በኮሮና ወረርሽኝ ምክንያት በቀላል ወንጀል እስከ ሦስት ዓመት የተፈረደባቸውና የመፈቻ ጊዜያቸው የተቃረበ ከ4,000 የሚበልጡ እስረኞች በይቅርታ መለቀቃቸው፣ ከእስር ውጭ ሊኖሩ የሚችሉ ሰዎች በእስር ቤት ምን ያህል እንዳሉ ያሳየን ይመስለኛል።

የምትፈታበት ቀን ሲታወቅ አንድ ሰው በሩ ላይ ይጠብቃት። ወረቀቱ ተጣርቶ እስኪያልቅ ብዙ ጊዜ ወደ ማታ ይሆናል፤ ስልኳ ከታሰረች ጀምሮ ተዘግቷል፤ የተከራየችው ቤት ለሌላ ተሰጥቷል፤ የቤት ሠራተኛ ከሆነች ወደ የት እንደምትሄድ አታውቅም፤ ከመናኸሪያ አካባቢ አዲስ ደላላ ያገኛታል። ለዚያች ሌሊት የምታድርበት ቤት፣ ለሳምንት የሚሆን አስቤዛ፣ ወደ ሀገሯ መመለስ ከፈለገች የመሳፈሪያ ገንዘብ፣ እዚሁ መሥራት ከፈለገች ደግሞ ተያዥ የምትሆን አንዲት አባል ቀደም ብለው ይዘጋጁ። የጠፋ መታወቂያዋን ለማውጣት የዕድሩ ደብዳቤ በማግስቱ ጠዋት ወረዳ ይወሰድላት።